አስፋልቱ ለምን ይፋቃል?

ጥያቄ፦ በሰፈራችን ያለው አስፋልት ተፍቆ ሻካራ እንደሆነ ከቀረ ቀናት አልፈዋል፤ አቧራው ሱቃችን ድረስ ይገባል። በአሮጌው ላይ አዲሱን ማንጠፍ አይበቃም ነበር? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአሮጌው ላይ በየጊዜው ቢደረብ መንገዱ ከእግረኛው ጠርዝ ጋር ይስተካከልና የዝናቡ ውኃ ወደ ቦይ መውረዱን ትቶ ወደየግቢውና ወደየሱቁ ይገባል፤ የማንሆል ክዳኖችም ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ የተሰነጣጠቀው የላይኛው ንጣፍ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው፣ በማሽን ይፋቃል፤ ከዚያም ፊቱ ተጠርጎ ስስ ሬንጅ ይረጭበትና 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ የሞቀው የአስፋልት ድብልቅ ሳይቀዘቅዝ ተነጥፎ በሮለር ይዳመጣል። እርጥብ ፊት ላይ ሬንጁ አጥብቆ ስለማይዝ ሥራው በበጋ ቢከናወን ይመረጣል።

ዝናብ በሌለበት ወቅት የተፋቀው መንገድ ለቀናት ሳይነጠፍ መቆየቱ ግን፣ በእኛ እምነት፣ አብዛኛውን ጊዜ የቅንጅት ጉድለት እንጂ የቴክኒክ ግዴታ አይደለም። አቧራው በቦቴ ውኃ እየተረጨ እንዲቀንስ ተቋራጩን መጠየቅ ይችላሉ። የውኃ ወይም የፍሳሽ መስመር ለማስገባት ያሰበ ጎረቤት ካለ ፈቃዱን አውጥቶ አሁኑኑ ያስቆፍር፤ አዲስ አስፋልት በተነጠፈ ማግስት መቆፈሩ በከተማችን የተለመደ ሆኗልና። አዲሱ ንጣፍ በደንብ እስኪቀዘቅዝም መኪና አያቁሙበት።