በየ5 ስሙ መሃል መስመር ማስገባት፦ ሊስቱ ለምን ይዛባል?

በአንድ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር ቢሮ የምትሠራ አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «የ40 ተማሪዎችን ስም በፓይተን ሊስት ይዤ ፕሪንት አደርጋለሁ። ለዓይን እንዲመች በየ5 ስሙ መሃል የመለያ መስመር የሚያስገባ ፎር ሉፕ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ምድብ ልክ 5 ስም ይይዛል። ከዚያ 4፣ 4፣ 4 እያለ ይሄድና መጨረሻ ላይ 11 ስም ይከመራል። አንድ ባልደረባዬ አስተካክሎልኝ ነበር። አሁን ምድቦቹ አምስት አምስት ሆኑ፣ ግን ከመጨረሻው ስም በታች 9 መስመር ይደረደራል። ፕሪንተሩ ይሆን?»

እህቴ፣ ፕሪንተሩን ተይው። ኮዱንም አልላክሽልኝም፣ ግን አያስፈልግም። 5፣ ከዚያ አራት አራት፣ ጅራቱ ላይ 11። ይቺን ምልክት ካየሁ ሌላ ቦታ አልፈልግም። ሬንጁ፣ ማለትም ለሉፑ ቁጥር የሚቆጥርለት፣ ከ5 ተነስቶ በ5 እየዘለለ እስከ 40 ይሄዳል፤ አንቺም በደረሰበት ሁሉ እዚያው ሊስት ላይ መስመሩን ኢንሰርት ታደርጊያለሽ፣ መሃል ታስገቢያለሽ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ወደ ጥገናው ሳልገባ አንድ አደራ። ዋናውን የስም ሊስት አትንኪው። የሬጅስትራር ሥራ ነውና ጎኑ ላይ የውጤት ሊስት ሳይኖርሽ አይቀርም። መስመሮቹ በየ5ቱ በትክክል የገቡበትን የስም ሊስት ከውጤቱ ጋር በዚፕ (ሁለት ሊስቶችን በተራ በሚያጣምረው) ብታጣምሪ፣ የ6ኛው ተማሪ ውጤት ለመስመሩ ይሰጣል፣ 6ኛው ተማሪ ደግሞ የ7ኛውን ይወስዳል። ዚፕ አጭሩ ሊስት ሲያልቅ ስለሚያቆም የመጨረሻዎቹ 6 ተማሪዎች ጭራሽ ይጠፋሉ። ኤረር የሚባል ነገር አይመጣም። ይህን ስህተት ሰው ካላስተዋለው በስተቀር ማሽኑ አይነግርሽም፤ የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው። በአንድ ቢሮ ወረቀቱ ታትሞ ከተፈረመበት በኋላ ሲገኝ አይቻለሁ።

አሁን ምን እንደተፈጠረ ላስረዳሽ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያለውን ረጅም አግዳሚ ወንበር አስቢው። 12 ሰው ተጠጋግቶ ተቀምጧል፦ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ቀ በ ተ ቸ። አንድ እንግዳ መጥቶ ሐ እና መ መሃል ልቀመጥ አለ። ምን ይሆናል? «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይባላል። ከመ ጀምሮ እስከ ወንበሩ ጫፍ ያለው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይገፋል። ሀ፣ ለ እና ሐ ግን ንቅንቅ አላሉም። የፓይተን ሊስትም እንደዚሁ ነው። ሜሞሪ ላይ አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩ አድራሻዎች ናቸው፤ በ64 ቢት ማሽን እያንዳንዷ አድራሻ 8 ባይት ትይዛለች። መሃል ላይ ክፍተት ተትቶ አይጠበቅሽም። ኢንሰርት ባልሽ ቁጥር ከዚያ ወዲያ ያለው በሙሉ ይገፋል።

እንግዲህ በየ3ቱ ኮከብ እናስገባ። ሬንጁ ገና ሲነሳ 3፣ 6፣ 9 ብሎ ቁጥሩን ቆርጧል፤ ወንበሩ ላይ ሰው መጨመሩን አያውቅም። 3 ላይ ኮከብ ገባ፣ ልክ ነው። ፓይተን ከዜሮ ስለሚቆጥር መ ቀድሞ 3 ቁጥር ነበረ፣ አሁን ግን 4 ሆኗል። ሰ ከ6 ወደ 7 ሄዷል። ስለዚህ 6 ላይ ስታስገቢ ከሰ በፊት ሳይሆን ከረ በፊት ይገባል። 9 ላይ ደግሞ ሁለት ቦታ ተንሸራቷል። የሚወጣው ይህ ነው፦

ሀ ለ ሐ * መ ሠ * ረ ሰ * ሸ ቀ በ ተ ቸ

የመጀመሪያው ምድብ ሙሉ፣ ቀጥሎ ያሉት አንድ አንድ የጎደላቸው፣ የተረፈው ሁሉ ጅራቱ ላይ። ያንቺው ወረቀት ማለት ነው።

የባልደረባሽ ጥገናስ? እንደገመትኩት ዝላዩን ከ5 ወደ 6 ቀይሮታል። እሱስ ልክ ነበር፣ መስመሩ ራሱ ቦታ ስለሚይዝ። ግን መጨረሻው 40 ሲሆን አንድ መስመር ጎደለበት፤ የሚያስፈልገው 41 ላይ ነዋ። አስልቶ በመጨረስ ፈንታ 100 ብሎ ለቀቀው። ኢንሰርት ከሊስቱ ርዝመት ያለፈ ቁጥር ሲሰጠው አይጮህም፣ ዝም ብሎ ጫፉ ላይ ይለጥፋል። 47፣ 53፣ 59 እያለ እስከ 95 ሲቆጠር ልክ 9 ነው። 9ኙ መስመርሽ ከዚያ መጣ። እንዲህ በግምት ቁጥር ከፍ አድርጎ መሄድ ያናድደኛል፤ ነገ 43 ተማሪ ሲመጣ እንደገና ይፈርሳል። ጎኑ ላይ ትራይ እና ኤክሴፕት (ኤረር ሲመጣ ይዞ የሚያልፍ ኮድ) ካደረገበትም አውጪው። የሚይዘው ኤረር የለም፣ ሌላውን ስህተት ብቻ ይደብቅብሻል። ለዚህች ሥራ ብለሽም ማን እንደጻፈው የማይታወቅ ላይብረሪ (የሌላ ሰው ዝግጁ ኮድ) በፒፕ፣ በፓይተን መጫኛው፣ አትጫኚ። አምስት መስመር ኮድ ናት።

ጥገናው፦ ባዶ አዲስ ሊስት ክፈቺ። ስሞቹ ላይ በኢነምሬት (enumerate) ዙሪ፣ ቁጥሩ ከስሙ ጋር ይምጣልሽ። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ እና ለ5 ሲካፈል በ% ቀሪው ዜሮ ከሆነ፣ አዲሱ ሊስት ላይ መስመሩን አፔንድ አድርጊ፣ ጫፉ ላይ ጨምሪ ማለት ነው። ከኢፉ፣ ከዚህ «ከሆነ» ከሚለው ውጪ፣ ስሙን አፔንድ አድርጊ። አለቀ። ማንም ጠጋ አይልም፣ ሁሉም በተራው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሊስቱ 100,000 ቢሆን በኢንሰርት መንገድ ወደ 1 ቢሊዮን ጊዜ መገፋፋት ነበር፤ በዚህኛው 120,000 አፔንድ የማይሞላ ነው።

የግድ እዚያው ሊስት ላይ መሥራት ካለብሽ ከኋላ ተነሺ፦ 35፣ 30፣ 25 እያልሽ እስከ 5። የሚገፉት ያለፍሻቸው ናቸው፣ ከፊትሽ ያሉት ቁጥራቸው አልተነካም። መነሻውን በእጅ አትጻፊ፤ ከርዝመቱ 1 ቀንሰሽ፣ በ5 አካፍለሽ፣ ክፍልፋዩን ጥለሽ፣ መልሰሽ በ5 አባዢው። ያኔም ቢሆን ኮፒው ላይ ሥሪ፣ ዋናውን አትንኪ። ኮፒ ስል ደግሞ «አዲስ እኩል ይሆናል ስሞች» ብሎ መጻፍ አይደለም። ያ ለአንዱ ሊስት ሁለት ስም መስጠት ነው፤ አንዱን ስትነኪ ሌላውም ይነካል። ኮፒ የሚለውን ሜተድ ጥሪ።

ከዚያ ፈትሺው። በ40 ስም የአዲሱ ሊስት ርዝመት 47 መሆን አለበት፣ የዋናው 40 እንደሆነ መቅረት አለበት። ዋናው 47 ካለሽ አሁንም እሱኑ እየነካሽ ነው። በ5 ስም አንድም መስመር አይወጣም። በ6 ስም አንድ ይወጣል፣ እሱም ከ6ኛው ስም በላይ ነው። ከበታቹ ከወጣ ሁለቱን አፔንዶች ቦታ አለዋውጠሻል። ከሁሉም ስም በላይ መስመር ካየሽ ዜሮን ማጣራቱን ረስተሻል።