ካሜራ ይዛችሁ ለምትጀምሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

ኤዲቲንግ ሁሉን ስለሚያስተካክል የባለሙያ ፎቶ አንሺ ዘመን አልፏል የሚል ነገር ከእናንተ ደጋግሜ እሰማለሁ። በፊልም ዘመን ፎቶ ቤት ያደግሁ ሰው በመሆኔ ለአሮጌው አደላ እንደሆነ ትጠረጥሩ ይሆናል፤ ነገር ግን ምስልን መነካካት ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አይደለም። ፎቶሾፕ በ1982 ዓ.ም. ለገበያ ከመቅረቡ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ የፎቶ ቤት ሰዎች ኔጌቲቩን (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚታይበትን የታጠበ ፊልም) በሾለ እርሳስ እየነካኩ የፊትን መሸብሸብ ያለሰልሱ ነበር። ስለዚህ እኔን የሚያሳስበኝ ምስሉ ከመነካቱ በፊት ምን እንደተያዘበት ነው።

የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ በቀትር ፀሐይ የቆመች ሙሽራን አስቡ። የካሜራው ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ የመውሰድ ጠባይ ስላለው፣ ነጩ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ጠይም ፊቷን ያጨልመዋል፤ ለፊቷ ሲባል የፎቶው ብርሃን በሙሉ ሲጨመር ደግሞ የሸማው ድርና ማግ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የጨለመው በኋላ በመጠኑ ሊወጣ ይችላል፤ ጨርሶ የነጣውን ግን፣ በቦታው የተመዘገበ ነገር ስለሌለ፣ የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥለት ስሎ ክፍተቱን ይሞላው ይሆናል፤ ያ ጥለት ግን ሸማኔው የሠራው አይደለም። ባለሙያ ሙሽራዋን ወደ ጥላ ያዞራል፣ በነጭ ጨርቅ ብርሃን ወደ ፊቷ ይመልሳል፣ አለዚያም ፀሐይዋ እስክትበርድ አሥር ሰዓት ድረስ እንዲቆዩ ሠርገኞቹን ያግባባል። (ለዚህ ሚዜዎቹን ቀድሞ መወዳጀት ይረዳል።) ፊቷን በኤዲቲንግ የማቅላቱን ልማድ ግን፣ ደንበኛ ቢጠይቅም እንኳ፣ ፈጽሞ አልወደውም።

በዜና ፎቶ ደንቡ ይበልጥ ይጠብቃል። የፎቶ ጋዜጠኛው የሙሉጌታ አየነ ፎቶዎች፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላንና የሟቾቹን ቤተሰቦች ሐዘን የሚያሳዩት፣ በ2012 ዓ.ም. ወርልድ ፕሬስ ፎቶ በተባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር፣ በድንገተኛ ዜና የተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ አንደኛ ሽልማት አግኝተዋል። ይህ ውድድር ለመጨረሻው ዙር የደረሱትን ከካሜራው በቀጥታ የወጣውን ፋይል አምጡ ይላቸዋል፤ በቦታው የነበረውን ያጠፋ ወይም ያልነበረውን የጨመረ ሰው ይሰረዛል።

እናንተም ካሜራችሁ ጥሬውን ፋይል (ራው የሚባለውን፣ ካሜራው የመዘገበውን ሳያሳንስ የሚይዘውን) እንዲያስቀምጥ አድርጉት። የሠርግም ይሁን የዜና፣ ዋናውን በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አኑሩ፤ ያስተካከላችሁትን ለብቻው አስቀምጡ እንጂ በዋናው ላይ አትጻፉበት።