አማካሪ ያላጣው ንጉሥ

ልጆቼ፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ባይሆን ነገ የክፍል ኃላፊ ወይም የማኅበር ሰብሳቢ ትሆናላችሁ። «ሰው አማክሩ» የማይላችሁ የለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ካማከራችሁ በኋላ ያለው ነው፤ ንጉሥ ሮብዓም አማካሪ አላጣምና።

ታሪኩ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 12 ይገኛል። ሕዝቡ ሴኬም ላይ ተሰብስቦ፣ አባትህ ሰሎሞን የጫነብንን ከባድ ቀንበር አቅልልን፣ እንገዛልሃለን አለው። ሮብዓም የሦስት ቀን ቀጠሮ ሰጠ። ደግ አደረገ፤ ለከባድ ጥያቄ በቆመበት መልስ አይሰጥም። ከዚያ አባቱን ያገለገሉትን ሽማግሌዎች ጠየቀ፣ እነሱም በበጎ ቃል መልስላቸው አሉት።

ቁጥር 8ን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የሽማግሌዎቹን ምክር የተወው አብሮ አደጎቹን ከመጠየቁ በፊት ነው። ሁለተኛው ምክክር አጃቢ ፍለጋ ነበር ማለት ነው። አብሮ አደጎቹ «ብላቴኖች» ስለተባሉ ጥፋቱን በወጣትነት የሚያሳብቡ አሉ፤ አልስማማም። ሮብዓም ሲነግሥ 41 ዓመቱ ነበር፣ እነሱም ከእርሱ ጋር ያደጉ ናቸው። ጉድለታቸው እርሱ ያላየውን አለማየታቸው ነው።

ቀንበር የተባለው ምን እንደሆነ ምዕራፍ 5 ላይ በቁጥር ተቀምጧል። ሰሎሞን 30,000 ሰው መልምሎ በየወሩ 10,000 ወደ ሊባኖስ ይልክ ነበር፤ አንድ ወር እዚያ፣ ሁለት ወር ቤታቸው። አንድ ሰው በዓመት አራት ወር ከቤቱ ይርቃል ማለት ነው። በዚህ ላይ 12 ሹማምንት በየተራ የአንድ ወር የቤተ መንግሥት ቀለብ ያቀርቡ ነበር። እንዲህ ተዘርዝሮ የሚቆጠር ሸክም ሊቀነስም ይችላል። ሮብዓም ግን በእነዚያ ሦስት ቀናት ሊባኖስ የከረመ አንድ ሠራተኛ አስጠርቶ «የቱ ነው የከበደህ?» ብሎ እንደጠየቀ አልተጻፈም። እናንተ ቅሬታ ሲቀርብላችሁ በተናጋሪው ቃል ጻፉት፣ መልሳችሁ አንብቡለት፣ ከዚያ ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ስንት ገንዘብ እንደሆነ አስሉ። አማካሪ የምትጠሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ቢያንስ አንዱ ሸክሙን የተሸከመ ሰው ይሁን።

ንጉሡ አብሮ አደጎቹ እንደመከሩት በጭካኔ መለሰ፣ ሕዝቡም ሸፈተ። ይባስ ብሎ አስገባሪውን አዶኒራምን ላከባቸው፤ ሕዝቡ የተማረረበትን የሥራ ግዳጅ ይመራ የነበረውን ሰው! በድንጋይ ወግረው ገደሉት። ቅሬታ የተነሣበትን ሰው የቅሬታው መልስ አድራሽ አታድርጉ።

ሌላው አደጋ መልሱ ወደ እናንተ ከመድረሱ በፊት መቀባባቱ ነው። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 22 የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ 400 ያህል ነቢያት ሰብስቦ ሁሉም ወደ ጦርነቱ ውጣ አሉት። ነቢዩ ሚክያስን ሊጠራ የሄደው መልእክተኛ ግን መንገድ ላይ፣ ቃልህ እንደ እነርሱ ቃል ይሁን ብሎ ይመክረው ነበር። ንጉሡ ይህን ሰው እንደሚጠላው በአደባባይ ስለተናገረ መልእክተኛው ሌላ ትእዛዝ አላስፈለገውም። አለቃ የሚጠላው አስተያየት እንዲህ ነው ደጃፍ ላይ የሚቀረው። ስለዚህ በስብሰባ የራሳችሁን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ተናገሩ፣ የበታቹን ከበላዩ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የተቃወማችሁን ሰው በሚቀጥለው ጊዜም ጥሩት።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት አማኞች መበለቶቻቸው ከዕለቱ እደላ ችላ ስለተባሉ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ማጉረምረሙን እንደ ዓመፅ አልቆጠሩትም። ምእመናኑን ሰብስበው ሰባት ሰዎች ራሳችሁ ምረጡ አሉ፤ የተመረጡት ሰባቱም የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው። እደላው በእነርሱ እጅ ገባ።