የጭስ ሙቀት ጌጁ ሲያስደነግጣችሁ

እንዴት ናችሁ ልጆች። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የትናንሽ አውሮፕላኖችን የፒስቶን ሞተር ስፈታና ስገጥም ነው። አሁን ቁልፍ መያዝ ትቻለሁ፤ ስልኬ ግን ጡረታ አልወጣም። አንዱ ወጣት ፓይለት ወይም ጀማሪ መካኒክ የኢንጂን ሞኒተሩን ስክሪን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። የየሲሊንደሩን የጭስ ሙቀት፣ ማለትም ኢጂቲ የምንለውን፣ የሚያሳይ ስድስት ባር ተደርድሯል። አንዱ ከሌሎቹ አንገቱን ቀና አድርጓል። ከስሩ ያለው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ኢጂቲው 1480 ገባ፣ ሞተሩ እየነደደ ነው እንዴ?»

እየነደደማ ነው፣ ሥራው መንደድ ነው! ግን 1480 ፋራናይት ብቻውን ለኔ ምንም አይነግረኝም። ትናንት በዚሁ ከፍታና በዚሁ ኃይል ስንት ነበር? ቴስታታውስ፣ የሲሊንደሩ ራስ ማለቴ ነው፣ ሙቀቱ ስንት ላይ ነው? ይህን ካልነገራችሁኝ የላካችሁልኝ ፎቶ ብቻ ነው።

እኔም ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አራተኛው ሲሊንደሩ ከሌሎቹ 70 ዲግሪ ያህል ከፍ የሚል አውሮፕላን መጣልኝ። እኔም ጀግና ነኝ፣ ሲሊንደሩን አወረድኩት። ቫልቩን አየሁ፣ ሪንጉን አየሁ፣ ፒስቶኑን አገላብጬ አየሁ። ንጹሕ ነው። መልሼ ገጠምኩትና አስነሳነው። እዚያው 70 ዲግሪ! ባለቤቱ ፊት ፊቴን ያየኛል። በኋላ አንድ አዛውንት መካኒክ ጠጋ ብሎ አየና ምንም ሳይናገር በጣቱ የጭስ ማውጫውን ቱቦ አሳየኝ። የአራተኛው ሴንሰር ከሌሎቹ አንድ ኢንች ያህል ወደ ሲሊንደሩ ቀርቦ ነው የተሰካው። በቃ፣ ይኸው ነው። ጋዙን ገና ሳይቀዘቅዝ ያገኘዋል። ጤነኛ ሲሊንደር ያለ ኃጢአቱ ወረደ፣ ሰውየውም ያለ ዕዳው ከፈለ። ሲሊንደር ማውረድ ደግሞ እንደ ቀልድ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ሲመለስ ቡሎኖቹ በልካቸው ካልጠበቁ ያልነበረ ችግር ፈጥራችሁ ነው የምትሰጡት።

ሴንሰሩ እኮ ያን ያህል የተራቀቀ ዕቃ አይደለም። ሁለት ዓይነት ብረት ጫፍ ለጫፍ የተበየደበት ቴርሞካፕል ነው፤ ሲሞቅ ትንሽ ቮልቴጅ ያወጣል፣ ጌጁም እሷን ወደ ዲግሪ ይለውጣል። የጭስ ቫልቩ ደግሞ ክፍት የሚሆነው ከዑደቱ አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ሴንሰሩ ፍል ጋዝ ይመታዋል፣ ይበርድለታል፣ እንደገና ይመታዋል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የዚህ ሁሉ አማካይ ነው። እውነተኛው ጋዝ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ የጓደኛችሁ አውሮፕላን 1350 ስላሳየ የናንተ 1450 በሽታ ነው ማለት አይደለም። እዚያው አንድ ሞተር ላይ እንኳ በሲሊንደሮች መካከል የ100 ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ ሞተሩም ሰላም ነው።

ታዲያ ጌጁ ምን ይሠራል? ፒኩን ያሳያችኋል። በክሩዝ ላይ፣ ከፍታችሁን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትበሩ፣ ቀዩን የሚክስቸር እጀታ፣ የቤንዚኑንና የአየሩን ድብልቅ የሚለውጠውን፣ ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ቤንዚኑ ሲቀንስ ኢጂቲው ይወጣል፣ ይወጣል፣ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆምና መውረድ ይጀምራል። የቆመበት ቦታ ፒክ ይባላል፤ በክብደት 15 እጅ አየር ለአንድ እጅ ቤንዚን ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ቤንዚን የበዛበት ሪች ነው፣ ከዚያ ወዲያ አየር የበዛበት ሊን ነው። በሁለቱም በኩል ኢጂቲው ይወርዳል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቁም ነገሩ ከፒኩ ስንት ዲግሪ፣ በየትኛው በኩል ነው የሚለው ነው። ብዙ ሞተሮች የተሻለ ኃይል የሚሰጡት ከፒኩ በሪች በኩል ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። የናንተን ሞተር ልክ ግን የአውሮፕላኑ መመሪያ ላይ ፈልጉት እንጂ የኔን አፍ አትመኑ።

ደግሞ ባሮቹ እኩል ቁመት እንዲኖራቸው የምትደክሙ ልጆች አላችሁ። ተዉት፣ ለውበት አይደለም የተሠራው። ማየት ያለባችሁ መጀመሪያ ፒክ የሚነካው ሲሊንደርና መጨረሻ የሚነካው ሲሊንደር ሲነኩ የቤንዚን ፍሰቱ ስንት ስንት እንደነበረ ነው። በኢንጀክሽን ሞተር፣ ቤንዚኑ ለየሲሊንደሩ ለየብቻ በሚረጭበት፣ ላይ ልዩነቱ በሰዓት ግማሽ ጋሎን ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ሥርጭት አለ። የካርቡሬተር ሞተር ግን እንዲህ አይታዘዝም፣ አትጨቃጨቁት።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ሲሊንደር የሚጎዳው በግፊትና በቴስታታ ሙቀት ነው። ቴስታታው ደግሞ በጣም የሚሞቀው ፒክ ላይ ሳይሆን ከፒክ በሪች በኩል 40 ወይም 50 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ ኢጂቲው «ከፒክ ወርጃለሁ» ይላችኋል፣ እናንተም ተረጋግታችሁ ትቀመጣላችሁ፣ ሞተሩ ግን ከሁሉ የባሰ ግፊት ያለበት ቦታ ላይ ነው። በዝቅተኛ ኃይል ግድ የለም። ኃይሉ ከ75 በመቶ ሲያልፍ ግን እዚያ ቦታ ላይ አትንጠልጠሉ። የፋብሪካው የመጨረሻ የቴስታታ ሙቀት ገደብ በላይካሚንግ ሞተሮች 500፣ በኮንቲኔንታል ሞተሮች 460 ፋራናይት ገደማ ነው፤ እኔ ግን በክሩዝ ላይ 400 ሲጠጋ ማየት አልወድም። ቱርቦ ያለው፣ ጭሱ በሚያዞረው ተርባይን አየር የሚታመቅለት ሞተር ከዚህ ለየት ይላል፤ እዚያ ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ እውነተኛ ቀይ መስመር አለው፣ ብዙዎቹ ላይ 1650 ነው፣ እሱን አትለፉት።

ሁለቱን ጌጆች አብሮ የማየት ልማድ ካላችሁ ብዙ ነገር ራሱ ይነግራችኋል። ማግኔቶ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ዕቃ፣ ተሠርቶ በተመለሰ ማግስት ኢጂቲው በሙሉ ዝቅ፣ ቴስታታው በሙሉ ከፍ ካለ ታይሚንጉ፣ ካንዴላዎቹ የሚተኩሱበት ጊዜ፣ ቀድሟል፤ ወደ መካኒኩ መልሱት። አንድ ኢጂቲ ድንገት 200 ዲግሪ ዘልሎ ቴስታታው ካልተነቃነቀ፣ ሞተሩም ካልተንገጫገጨ፣ ሴንሰሩን ጠርጥሩ፤ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩትና ችግሩ አብሮ መሄዱን እዩ። የአንዱ ቴስታታ እያያችሁት ሽቅብ እየሮጠ ኢጂቲው ደግሞ እየወረደ ከሆነ ግን ፎቶ አታንሱ፣ ለኔም አትደውሉ። ዲቶኔሽን፣ ድብልቁ በሥርዓት ከመንደድ ይልቅ በድንገት መፈንዳቱ፣ ወይም የባሰው ሊሆን ይችላል። ወዲያው ሚክስቸሩን ሪች፣ ኃይሉን ቀንሱ።

ከበረራ በፊት ማግኔቶዎቹን ተራ በተራ እያጠፋችሁ የምትሞክሩበትን የማግኔቶ ቼክንም እንደ ሥርዓት ብቻ አትፈጽሙት። አርፒኤሙ ስንት ወረደ ብላችሁ ቁልፉን ቶሎ አትመልሱ፤ ጥቂት ሰከንድ ቆዩና ባሮቹን እዩ። አንድ ማግኔቶ ሲጠፋ እያንዳንዱ ሲሊንደር በአንድ ካንዴላ ስለሚቀር እሳቱ ይዘገያል፣ ጋዙ ገና እየነደደ ይወጣል። ስለዚህ ስድስቱም ባሮች አብረው 50፣ 100 ዲግሪ ያህል ይወጣሉ። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ። አምስቱ ወጥተው አንዱ ከወደቀ የዚያ ሲሊንደር የቀረችው ካንዴላ አልተኮሰችም። አሥራ ሁለቱንም መፍታት ቀረላችሁ፤ የትኛዋ እንደሆነች በስም ታውቃላችሁ።

አንድ ልጅ በቅርቡ የላከልኝን ልንገራችሁና ላብቃ። ይህኛው ፎቶ አልላከም፣ የሁለት ሰዓት በረራ ዳታ ነው የላከው። በግራፉ ላይ አምስት መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ የሁለተኛው ሲሊንደር ግን 40 ዲግሪ ያህል ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ በደቂቃ አንዴ ገደማ፣ እንደተኛ ሰው ትንፋሽ። የጭስ ቫልቭ በሥራ ላይ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ማፍሰስ ከጀመረ ያ ቦታ ሲዞር ሙቀቱም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ሁሉም የተቃጠለ ቫልቭ እንዲህ ምልክት አይሰጥም፤ ከሰጠ ግን ቦሮስኮፕ፣ ሲሊንደሩን ሳታወርዱ ውስጡን የምታዩበት ቀጭን ካሜራ፣ ይግባ አልኩት። በማግስቱ የቫልቩን ምስል ላከልኝ። ጤነኛ ቫልቭ ላይ ቀለሙ ከመሀል ጀምሮ ክብ በክብ ነው። የዚህኛው በአንድ ጠርዙ በኩል ተዛብቶ ቀለሙን ለውጧል። ወደ በረራው ዳታ ተመልሼ ቁጥሮቹን አየሁ። ሁለተኛው ሲሊንደር ከስድስቱ ሁሉ ዝቅተኛው ባር ነበር።