የበዓል ሰሞን ኪሎ እንዳይጨምር

እህቴ፣ «ፋሲካን ዘመድ ቤት ስዞር ኪሎ እንዳልጨምር ምን ላድርግ?» ላልሽው፣ ዶሮ ወጡን ተዪ አልልሽም። ደሴ ላይ ጎረቤት ጠርቶሽ ሳትቀምሺ መውጣት ያስቀይማል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለሚጠራራ ጥሪው ብዙ ነው። ዋናው መጠኑ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ወደ 100 ካሎሪ አለው። ስለዚህ ሥጋውንና እንቁላሉን ብዪ፤ ቁሌቱን ግን በእንጀራ እየጠረግሽ አትጨርሺው። ለስላሳውን ጨክነሽ ተዪው! አንዱ ጠርሙስ ብቻ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። ውሃ ይሻልሻል። ጾመሽ ስለከረምሽ የመጀመሪያውን ቀን በተለይ ቀስ በዪ። ከፒያሳ ስትመለሺ ባጃጅ አትያዢ፤ የደሴ ዳገት ራሱ ስፖርት ነው። አክስትሽ «በሞቴ» ካለችሽ፣ አንዲት ጉርሻ ተቀበያትና ተነሥተሽ እጅሽን ታጠቢ።