«ብልህ ሰው አያምንም» ይባላል፤ እውነት ነው?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ መምህር? አሜሪካ የምኖር የኮሌጅ ተማሪ ነኝ። ያደግሁት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ «እግዚአብሔር የለም» ይላል። በጣም ጎበዝ ነው፤ በክፍላችን የሚስተካከለው የለም። በቀደም «ብልህ ሰው አያምንም፤ የእኔ ሐሳብ እንዳይመስልሽ፣ በጥናት የተረጋገጠ ነው» አለኝና በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ላከልኝ። አንብቤው ከፋኝ። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ብዬ ልመልስለት ነበር። ግን ልጁ ሰነፍ አይደለም። እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ በእምነት ግን እኔ አጠገቧም አልደርስ። ታዲያ እምነት ያልተማረ ሰው ነገር ነው ማለት ነው? ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ቆሜ ሐሳቤ ይበታተናል። እንዲህ እየተጠራጠርኩ መቁረብስ እችላለሁ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳንም ጠየቅሽ። ብዙ ልጆቻችን ይህን ጥያቄ በሆዳቸው ይዘው ቀስ በቀስ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃሉ። አንቺ አውጥተሽ ተናገርሽው።

ከጥናቱ ልጀምር። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲመጣ «የሰይጣን ወሬ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ አንቺን ግን አይጠቅምሽም። ጥናቱ አለ፤ ፈጠራም አይደለም። ሚሮን ዙከርማን፣ ጆርዳን ሲልበርማንና ጁዲት ሆል የሚባሉ ተመራማሪዎች ቀድሞ የተሠሩ 63 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። በ53ቱ የማሰብ ችሎታ ፈተና ላይ ከፍ ያለ ውጤት ያመጡ ሰዎች በሃይማኖተኝነት መጠይቅ ዝቅ ብለው ተገኙ። በ10ሩ ደግሞ ተቃራኒው ታየ። በ2020 ጥናቶቹን 83 አድርሰው ደገሙት፤ ውጤቱ ብዙም አልተለወጠም። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅስልሽ።)

እስከዚህ ጓደኛሽ ልክ ነው። ግን የዝምድናውን መጠን ጠይቂው። ከ0 እስከ 1 በሚለካበት ስሌት 0.24 ገደማ ነው። በስታቲስቲክስ አነጋገር፣ በሰዎች መካከል ካለው የሃይማኖተኝነት ልዩነት ከማሰብ ችሎታ ጋር የሚያያዘው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ከሌላ ከሌላው ነው። የአንድን ሰው የፈተና ውጤት አይተሽ «ይሄ ያምናል፤ ያ አያምንም» ብትይ ደጋግመሽ ትሳሳቻለሽ። «ብልህ ሰው አያምንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጥናቱ ውስጥ የለም።

ደግሞ እነማን ተጠኑ? በአብዛኛው አሜሪካውያን ናቸው፤ ከእነሱም የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ግኝታችን ለምዕራቡ ዓለም ነው ብለው ወስነውታል። የለኩትም የትንተና ችሎታን ብቻ ነው።

ስለ ትንተና ካነሳን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በ2012 ሳይንስ በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ካናዳ ውስጥ ለተማሪዎች የሮዳንን «አሳቢው» የተባለ ሐውልት ፎቶ አሳዩአቸው፤ አገጩን በእጁ ደግፎ የሚያስበውን ሰው ማለቴ ነው። ለሌሎቹ ዲስክ የሚወረውር ሰው ሐውልት አሳዩ። ከዚያ «በእግዚአብሔር ምን ያህል ታምናላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አሳቢውን ያዩት እምነታቸው ቀነሰ ተባለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች እጅግ ብዙ ሰው ይዘው ሲደግሙት ውጤቱ ጠፋ። ከመጀመሪያዎቹ አጥኚዎች አንዱ የሆነው ዊል ጀርቬይስ የቀድሞው ማስረጃ ደካማ እንደነበር በግልጽ አመነ። በኋላም በ13 አገሮች ባደረገው ጥናት፣ ተንትኖ በማሰብና ባለማመን መካከል ያለው ዝምድና ደካማና ከአገር አገር የሚለዋወጥ ሆኖ አገኘው። እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ሊከበር ይገባዋል። እኛም ልንማርበት ይገባል።

ለምን እንዲህ እላለሁ? እኛም ዘንድ ሐቀኝነት የሚጎድልበት ቦታ ስላለ ነው። ፕሮፌሰሩ «ክፋትንም እግዚአብሔር ፈጠረው» ሲል አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ቅዝቃዜ የሙቀት አለመኖር ነው» እያለ አፉን ያስያዘበትን ታሪክ ሰምተሽዋል። መጨረሻው «ያ ተማሪ አልበርት አንስታይን ነበር» ይላል። ውሸት ነው። አንስታይን እንዲህ አላደረገም። ሰውን በሚሰማና በሚገደው አምላክ እንደማያምንም በደብዳቤው ጽፏል። እውነት የሆነ ጌታ በሐሰት ታሪክ አይደገፍም። ይህንን ለጓደኛሽ አትላኪለት።

ሳይንቲስቶች ጠቅላላ ኢአማኝ ናቸው ማለትም አይደለም። ጄምስ ሉባ በ1914 አሜሪካውያን ሳይንቲስቶችን «ጸሎት በሚሰማ አምላክ ታምናላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። 40 በመቶ ገደማው «አዎ» አሉ። በ1996 ሌሎች ያንኑ ሲጠይቁ መልሱ አሁንም 40 በመቶ አካባቢ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ግን በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባላት ሲጠየቁ ያመኑት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ጓደኛሽ ነገ ሊያመጣብሽ ይችላል፤ ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል።

ከሳይንቲስቶቹ ጆርጅ ለሜትርን በጣም እወደዋለሁ። ቤልጂየማዊ የካቶሊክ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። አጽናፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን በ1927 ጻፈ። በ1931 ደግሞ ሁሉም ከአንድ መነሻ እንደጀመረ ሐሳብ አቀረበ፤ ዛሬ ቢግ ባንግ የሚባለው ማለት ነው። በ1951 የሮሙ ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይህ ግኝት ለፈጣሪ መኖር ይመሰክራል የሚል ንግግር አደረጉ። ሌላው ሰው ቢሆን በደስታ በዘለለ። ለሜትር ግን አልወደደውም። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፤ አማኙም ኢአማኙም በነጻነት ሊመረምረው ይገባል ባይ ነበር። ጠዋት ቀድሶ ከሰዓት ሒሳቡን የሚሠራ ሰው እምነቱን በሒሳቡ ላይ አላቆመም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዙከርማንና ባልደረቦቹ ለግኝታቸው ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ ቆም ብዬ እንዳስብ አድርጎኛል። ብልህ ሰው ብዙዎች ከሃይማኖት የሚያገኙትን ነገር በራሱ ችሎታ ሊያገኝ ይችላል ይላሉ። ራስን መግዛት፣ በራስ መተማመን፣ «ነገሮች በእጄ ናቸው» የሚል ስሜት። ይህን ከፈተና ውጤቱ፣ ከሥራው፣ ከደመወዙ ያገኘዋል። ስለዚህ ሃይማኖት ብዙም አያስፈልገው ይሆናል።

ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያለውን ባለጠጋ አስታውሺ። እርሻው እጅግ ፈራለት። ተቀምጦ አሰበ፣ አቀደ፣ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ወሰነ። ሒሳቡን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ጌታ ታዲያ «አንተ ሰነፍ» የተባለው እሱ መሆኑን ነገረን። አእምሮው ስለጎደለ አይደለም። ነፍሱን ብቻዋን «የብዙ ዘመን በረከት አለሽ» እያለ ስላነጋገራት ነው።

መዝሙር 13ንም በዚህ ዓይን አንብቢው። «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ካለ በኋላ ዳዊት የሚያነሳው የትምህርት ማነስን አይደለም። የሚናገረው ስለ ሥራቸው ነው። ሕዝቤን እንደ እንጀራ የሚበሉ ይላቸዋል። ድሃውን እየበላ «የሚያየኝ የለም» የሚል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥም፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ሊቆም ይችላል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 3 ይህንኑ መዝሙር ሲጠቅስ አይሁድም አረማውያንም ሁሉ ከኃጢአት በታች ናቸው ለማለት ነው የጠቀሰው፤ «አንድ ስንኳ የለም» ብሎ። ስለዚህ ጥቅሱን በጓደኛሽ ላይ አለመወርወርሽ ደግ አደረግሽ። ወንድሙን «ደንቆሮ» የሚል ምን እንደሚጠብቀው ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 ተናግሯል።

ከልጁ ጋር ጓደኝነትሽን አታቋርጪ። ሲጠይቅሽ የምታውቂውን ንገሪው፤ የማታውቂውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እመጣለሁ» በይው። ክርክር ለማሸነፍ ብለሽ ግን እንቅልፍ አትጪ። በክርክር የተረታ ሰው አፉ ይዘጋል እንጂ ልቡ አይከፈትም።

ስለ እናትሽ ስትጽፊ ትንሽ እንዳፈርሽባት ታየኝ። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል። አባ አርሳንዮስን ታውቂዋለሽ? በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት የንጉሡ የቴዎዶስዮስ ልጆች መምህር ነበር። ያን ሁሉ ክብር ትቶ ግብፅ በረሃ፣ አስቄጥስ ገባ። አንድ ቀን አንድን ግብፃዊ ሽማግሌ መነኩሴ ስለ ገዛ ሐሳቡ ሲያማክር አንድ ወንድም አየው። «አባ፣ የሮምንና የጽርዕን (የግሪክን) ትምህርት የምታውቅ አንተ ይህን ገበሬ ትጠይቃለህ?» አለው። አርሳንዮስም የሮምንና የጽርዕን ትምህርትስ አውቃለሁ፤ የዚህን ገበሬ ሀ ሁ ግን ገና አልተማርኩም ብሎ መለሰ። የእናትሽ ሀ ሁ አለ። ሌሊት ተነሥታ የምትሰግደው፣ የተጣላትን ሰው ቀድማ የምትታረቀው፣ ያ ነው። አንቺ ኮሌጅ ሆነሽ ልትማሪው የሚገባሽ።

ይህን ስል ማሰብ ይቅር እያልኩ አይደለም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አእምሮን ንቃ አታውቅም። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ተማሪ የሚመሰገነው የሰማውን ሲደግም ሳይሆን በየቀኑ አዲስ ቅኔ ሲቆጥር ነው። አንድ የባሕረ ሐሳብ (የጾምና የበዓል ማውጫ ስሌት) መምህር በእኛ አቆጣጠር የ2018 ዓ.ም. መጥቅዕ፣ ማለትም በዓላቱ የሚወጡበት ቁጥር፣ ስንት ነው ብትያቸው ወረቀት አይፈልጉም። 5500 ላይ 2018 ደምረው 7518፤ ለ19 ሲገድፉት (ሲያካፍሉት) 13 ይተርፋል፤ 1 ለዘመን ትተው ወንበሩ 12፤ 12ን በ19 አባዝተው 228፤ ለ30 ሲገድፉት 18 ይተርፋል። በቃ፣ መጥቅዕ 18 ነው። ጾምና በዓል የሚወጣው ከዚህ ነው። ጌታም በፍጹም ልብህ፣ በፍጹም ነፍስህ ብቻ ሳይሆን በፍጹም አሳብህም ውደድ ነው ያለን። አእምሮ ስጦታ ነው። ለአንዱ በዛ፣ ለሌላው አነሰ። የበዛለት የበዛ ይጠየቅበታል እንጂ ወደ እግዚአብሔር የሚቀርብበት አቋራጭ መንገድ የለውም። ያነሰበትም በሩ አልተዘጋበትም።

አሁን ስለ ቁርባን። ሐሳብ መጥቶ ሲያውክሽና አንቺ «አላምንም» ብለሽ ስትወስኚ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ሁለተኛው ክህደት ነው። አንቺ ያለሽው የመጀመሪያው ላይ ነው። ልጁ የታመመበት አባት በማርቆስ ምዕራፍ 9 «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ጮኸ። ጌታ «መጀመሪያ እምነትህን አስተካክለህ ና» አላለውም፤ ልጁን ፈወሰለት። ቶማስንም ተጠራጠረ ብሎ ከደቀ መዛሙርቱ አላስወጣውም፤ ጎኑን አሳየው እንጂ።

ስለዚህ ከቅዳሴ አትቅሪ። ሐሳብሽ ሲበታተን አትደንግጪ፤ ወደ ተሰጥዖው ተመለሺ፣ ከሕዝቡ ጋር በድምፅ ተቀበዪ። ለቁርባን ግን በእኔ ጽሑፍ ብቻ እንዳትወስኚ። ይህ የንስሐ አባትሽ ድርሻ ነው። የሕንደኬ ጃንደረባ በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የተሾመ፣ ኢሳይያስን በሠረገላ ላይ የሚያነብ ሰው ነበር። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ከማለት ግን አላፈረም። የዚያኑ ዕለት ተጠመቀ። አንቺም በዚህ ሳምንት ለንስሐ አባትሽ ደውዪላቸው። ስለ ጥናቱም፣ ስለ ልጁም፣ ስለ ሐሳብሽም ሳታሳጥሪ ንገሪያቸው። «ቁረቢ» ካሉሽ ቁረቢ፤ «ትንሽ ቆዪ፣ ይህንን ጸሎት ያዢ» ካሉሽም ታዘዢ።