ጥላችሁን «አላውቅህም» አትበሉት

ሐረር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ጭንቀት ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከድሬዳዋ መጥቶ ላፕቶፑ ላይ ተተክሎ ዋለ። «አጎቴ፣ ይሄ እኮ ያንተ ሥራ ነው» አለኝ። አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ቡናዬ እስኪቀዘቅዝ አልተነሳሁም።

የሚጫወተው የጃፓኑ አትለስ ኩባንያ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፔርሶና 4 የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ቺዬ የምትባል ልጅ አለች። ድንገት ራሷን የምትመስል ሌላ ቺዬ ፊቷ ትቆማለች፤ ዓይኗ ብቻ ቢጫ ነው። በቅርብ ጓደኛዋ እንደምትቀና፣ «ያለ እኔ ምንም አትሆንም» እያለች በውስጧ እንደምትኮራ ሁሉንም ትዘረግፈዋለች። ቺዬ «አንቺ እኔ አይደለሽም!» ብላ ትጮኻለች። ያኔ ነው ያቺ ሌላዋ ቺዬ፣ ማለትም ጥላዋ፣ አውሬ የምትሆነው። ከድብድቡ በኋላ አምና ስትቀበላት፣ ያችው አውሬ ኃይሏ ትሆናለች።

ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ (1875–1961) «ጥላ» ያለው ይህንኑ ነው፤ የእኔ ነው ማለት የሚያሳፍረንን ነገር። ፔርሶና ደግሞ በላቲን የተዋናይ ጭምብል ነው፤ ለሰው የምናሳየው ፊት። ልብ በሉ፣ ጥላ ውስጥ ክፉ ብቻ አይደለም ያለው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ልጅ ርኅራኄውንም አብሮ እዚያ ይቀብራል። ስንቱን አይቻለሁ።

የሐረርን የጁገል ግንብ እግር ስር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጅብ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። አባቶቻችን ጅብ የለም አላሉም። መግቢያ ሰጡት፤ ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን በልቶ ይወጣል። ለልጁም ወስጄ አሳየሁት።

ጨዋታው ውስጥ የታሮት ካርዶችም አሉ፤ እነሱን በተመለከተ ግን ጠንቀቅ በሉ። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረ የመጫወቻ ካርታ ነው። ጥንቆላ በሰፊው የገባበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ከ78ቱ ካርዶች ጨዋታው በዋናነት የሚጠቀመው በ22ቱ ትልልቆች ነው፤ ለቺዬ «ሠረገላ» የተባለው ካርድ ደርሷታል። 13ኛው «ሞት» ቢወጣባችሁ እንቅልፍ አትጡ። ካርዱን የሚያነቡት ራሳቸው የአንድ ነገር ማብቂያና የሌላው መጀመሪያ ነው ይሉታል። ሥዕሉን እዩት፣ «ይሄ ለምን አስፈራኝ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ዕድላችሁን ልንገራችሁ ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ ግን፣ በካርድም ይሁን በሲኒ፣ ተነስታችሁ ሂዱ።

የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እኔ የጓጓሁለትን ሹመት አገኘ። «ለሰው ግድ የለውም» እያልኩ አወራሁበት። ለሥራው ተቆርቁሬ ነው ብዬ ራሴንም አሳምኜ ነበር። ቅናት ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ ድሬ፣ ከዚራ ነው የሚኖረው። ጠዋት ደወልኩለት፣ ሁሉንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ቅዳሜ ና» አለኝ።